እርጥቡን የታሰረ

ጥቅምት 18

መርፌው፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። አባባ ደብዳቤ ጮክ ተብሎ ሲነበብለት ሰላምታው ካነሰ ቅር ስለሚለው በዚያው ልጀምር። አባባ፣ እንዴት ነህልኝ? በጣም ናፍቀኸኛል። ባለቤቴም ሰላም ብሎሃል፤ የሞተር ድምፅ ሰምቶ ብቻ ሕመሙን የሚያውቅ እንዳንተ ያለ ሰው ጋራዡ ውስጥ አላየሁም እያለ እስካሁን ያወራልሃል። መርፌው፣ አንተም ናፍቀኸኛል፤ ይቺን ግን ቀስ ብለህ አንብባት፣ እንዳትኮራብኝ።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ሰው ሁሉ ዘንባባ የሚለው የኮርዲላይናችን የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው መንጠልጠላቸው በሽታ አይደለም። ዛፉ ከአናቱ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ከሥር ያለውን አሮጌውን ይጥላል፤ ግንዱ የሚረዝመው እንደዚያ ነው። ወደ ታች ጎተት አድርገህ ንቀላቸው። እምቢ ያለህን ተወው፣ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። ደግሞ በጨርቅ መቀስህ እንዳትነካው፤ ለመቀሱም ለዛፉም አይበጅም።

የገረመኝ ግን ይኼን እኔን መጠየቅህ ነው። ያንን ዛፍ ገና ክንድ የማያህል ችግኝ ሳለ ከወደብ ከተማ በከባድ መኪናው ጋቢና ውስጥ፣ ከረዳቱ እግር ሥር አስቀምጦ ያመጣው አባባ ነው። ረዳቱ መንገዱን ሙሉ ጉልበቱን አገጩ ላይ አድርጎ ነው የመጣው። የናፍጣ በርሜል ለሁለት ቆርጦ፣ ሥሩን በስቶ፣ ጠጠር ደልድሎ የተከለውም እሱ ነው። እኔ ችግኝ ጣቢያ ከመቀጠሬ በፊት የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት እዚያ በረንዳ ላይ ከእሱ ነው። መነጽሩ ተሰበረ ብለህ ጽፈሃል፤ ታዲያ አፉ አልተሰበረ፣ ለምን እሱን አትጠይቀውም?

ለማንኛውም ብርዱ ሳይገባ በርሜሉን ከመሬት አንሡና ጡብ ላይ አስቀምጡት፤ ውኃው ከሥር ይውጣ። ኮርዲላይንን ከብርዱ ይልቅ የሚገድለው በብርድ ጊዜ ሥሩ ውኃ ውስጥ መዋሉ ነው። ጣትህን አፈሩ ውስጥ ስትከት ደረቅ እስኪሆን ድረስ አታጠጣው። ውርጭ የሚወርድ ሲመስል ደግሞ ቅጠሎቹን ከታች ወደ ላይ ሰብስባችሁ እንደ ሴት ፀጉር አናቱ ላይ እሰሯቸው፣ መሃል ያለውን ለጋ ቡቃያ ይሸፍኑታል። ለጋው ከተረፈ ዛፉ ተረፈ። አስተሳሰሩን አባባ ያሳይሃል።

እኔ እንደነገርኩህ አልጋ ላይ ነኝ። ሐኪሟ እስክትወልጂ ድረስ መነሣት የለም ብላኛለች። የፊተኞቹ ሁለቱ እንዴት እንደቀሩብኝ ታውቃላችሁ፤ በዚህኛው ማንም ቀልድ አያውቅም። ወረቀቱ ጫፍ ላይ አፈር ካያችሁ የሥራ ጓደኛዬ ልትጠይቀኝ መጥታ በእጇ ነክታው ነው። አባባ በየቀኑ ስለ ልጁ እንደሚጠይቅ ጽፈሃል። ደህና ነው በለው። የካቲት ውስጥ አያት ትሆናለህ በለው።

እህትህ


ኅዳር 6

እታለም፣

ሰው ሁሉ የታመመ ዘመዱን «ተነሥተሽ ያሳየኝ» ይላል፤ እኛ ቤት ግን ጸሎቱ ሁሉ ተኝተሽ እንድትቆዪ ነው። እንግዲህ እንደተኛሽ ይኼ ደብዳቤ ይድረስሽ።

እዚህ ሁላችንም ደህና ነን። አባባ በጣም ደህና ነው። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሬድዮ ላይ ከዜና አንባቢው ጋር ይጨቃጨቃል። መነጽሩ ገና አልተሠራም፤ ባለሙያው ዛሬ ነገ እያለ እግሬን አቅጥኖታል። ስለዚህ አሁንም የምጽፈው እኔ ነኝ።

ስለ ኮርዲላይኑ አታስቢ። በርሜሉን ከጎረቤታችን ከአናጢው ጋር ተጋግዘን ጡብ ላይ አወጣነው፤ ወገቤ እስካሁን ይወጋኛል። ማሰሩንም አባባ ራሱ ፈጽሞታል። ትናንት ዝናቡ እንዳባራ ወጣና ቅጠሎቹን አንድ ባንድ ሰብስቦ በእኔ የሱሪ ላስቲክ ጥፍር አድርጎ አሰራቸው፤ ብርድ እንዳይገባበትም ከላይ ፌስታል አለበሰው። ጡረተኛዋ መምህርት በአጥር በኩል ዘንባባችሁን ምነው አሰራችሁት ብትለው፣ ያው ታውቂው የለ፣ ዘንባባ እንዳልሆነ እስኪደክማት ድረስ አስረዳት። ቆሞ ሲያወራ ብታዪው ደስ ይልሽ ነበር።

ማሽኔን ከፊት ለፊቱ ክፍል ወደ ጓዳ አዛውሬዋለሁ፤ ድምፁ ይረብሻል። ደንበኞቼን የምለካቸው እንግዲህ ከድስትና ከሽንኩርት መሃል አቁሜ ነው። አንዷ ሙሽራ ቬሎዬ ሽንኩርት ሸተተ ብላ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ሠርጉ ላይ ሁሉም ሰው ያለቅሳል፣ ምክንያት አገኘሽላቸው ብዬ አሳቅኳት።

አባባ የላከልሽ መልእክት ይኼ ነው፦ ለምንም ለማንም ብለሽ ከአልጋ እንዳትወርጂ። ደጋግመህ ጻፈው ብሎኛል፤ እኔ ግን ወረቀት ለመቆጠብ አንዴ ጻፍኩት፣ አንቺ ደጋግመሽ አንብቢው።

መርፌው


ኅዳር 17

መርፌው፣

ይኼን ደብዳቤ ጮክ ብለህ አታንብበው። ወደ ጓዳህ ግባና ብቻህን አንብበው።

ያሰረው አባባ አይደለም። አባባ እርጥብ ኮርዲላይን አያስርም። ዝናብ ከመታው ፀሐይ እስኪያደርቀው ይጠብቃል፤ ፀሐይ ከሌለ ደግሞ የመኪናውን መስታወት በሚወለውልበት ጨርቅ እያንዳንዱን ቅጠል ከሥሩ እስከ ጫፉ ይጠርገዋል። እኔ ነበርኩ ጨርቁን እየጨመቅኩ የማቀብለው። ፌስታል ደግሞ በዚያ በረንዳ አያስደርስም። የሚያለብሰው ጆንያ ነው፣ ጆንያ አየር ያሳልፋል። እርጥቡን ታስሮ ፌስታል የለበሰ ለጋ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ከውጭ ሲያዩት ግን ቅጠሉ ለሳምንታት እንዳማረበት ይቆያል። ይኼ ስህተት ያንተ ነው፤ ያልነገርኩህም አባባ አጠገብህ ቆሞ የሚያሳይህ መስሎኝ ነው። አሁኑኑ ውጣና ፍታው።

ፈትተህ ስትመለስ ደግሞ ሌላውን ንገረኝ። ማሽኑ የሚረብሸው ማንን ነው? አንተን ልብስ ስፌት እንድትማር ካስገባህ ቀን ጀምሮ በዚያ ድምፅ አጠገብ ጋዜጣ ሲያነብ፣ ሲያንኮራፋም የኖረ ሰው ዛሬ ምን ሆነና ረበሸው? የመነጽሩን ወሬ ተወው። አባባ ከአልጋው ይነሣል ወይስ አይነሣም?

ፈርቻለሁ። ከዜና አንባቢው ጋር ይጨቃጨቃል ያልከውን ደጋግሜ አነበብኩት፤ እሱ እንኳ እውነት ይሁን ብዬ ተመኘሁ። እውነቱን ጻፍልኝ።

እህትህ


ኅዳር 29

እታለም፣

አይነሣም።

ከጻፍኩት አይቀር ልቀጥል። መስከረም ላይ ሳል ጀመረው። ዕድሜዬን ሙሉ የጠጣሁት የመኪና ጭስ ነው፣ ይወጣል ብሎ ናቀው። ጥቅምት ሲገባ ከአልጋው እስከ በረንዳው መድረስ አቃተው። ሐኪሙ ሳንባው ነው ይላል። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍልሽ ምን ብዬ እንደምዋሽ የሚነግረኝ እሱ ነበር፤ መነጽሩ የእሱ ፈጠራ ነው። ፌስታሉና የመምህርቷ ወሬ ግን የራሴ ነው። የታዘዝኩትን ውሸት ብቻ ብዋሽ ኖሮ አትይዢኝም ነበር።

አስምሎኛል። የተናገረውን እንዳለ ልጻፍልሽ፦ «እሷ ሰምታ ከተነሣች ያ ልጅ ይቀራል። እኔ እዚህ ተኝቼ የምጠብቀው እሱን ብቻ ነው። ነግረህ ብታስነሣት ልጄ አይደለህም።» በየቃሉ መሃል እየተነፈሰ ነው ይኼን ያለው፤ ጨርሶ እስኪናገር ድረስ የያዝኩት ሾርባ ቀዘቀዘ። አሁን መንገሬን አያውቅም። እንዲያውቅም አልፈልግም።

ተረጋጊ ግን። ሐኪሙ ቅዝቃዜው ሲያልፍ ይሻለዋል ብሏል። መድኃኒቱን ይወስዳል። ስለዚህ እዚያው ተኚ።

ኮርዲላይኑን ፈታሁት። ከውጭ ምንም አልሆነም፣ እንዲያውም ዝናቡ ቀዩን ቅጠሉን አጥቦት የበሰለ ወይን መስሏል። መሃል ያለውን ለጋ ነካ ሳደርገው ግን ያለ ምንም ጉልበት ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ሥሩ ቡናማ ሆኖ ላልቷል፣ ሽታው የሞተ አይጥ ነው። አባባ ሊያየው ፈለገ፤ ከአናጢው ጋር በርሜሉን መስኮቱ ትይዩ አቆምንለት። ረጅም ጊዜ አየውና ዓይኑን ጨፈነ። አልተቆጣኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቁረጠው ብቻ አለኝ፤ ከየት እንደምቆርጠው ስጠይቀው ለመናገር ደከመው። አንቺ ንገሪኝ።

መርፌው


ታኅሣሥ 8

መርፌው፣

የላክሁልህ ሁለት ወረቀት ነው። ይኼኛው የአንተ ነው።

በመጋዝ ነው የሚቆረጠው። የአናጢውን ተዋስና ጥርሱን በአልኮል ጥረገው። ከአናቱ ጀምረህ ትንሽ ትንሽ እየቆረጥክ ውረድ። የተቆረጠው ፊት መሃሉ ቡናማ እስካለበት ድረስ አትቁም፤ ነጣ ያለ ጠንካራ እንጨት ስታገኝ እዚያ ላይ ጨርስ። ውኃ እንዳይተኛበት ሰያፍ አድርገህ ቁረጠው። ጉቶውን ከዝናብ አርቀው፣ አታጠጣውም። ሲሞቅ ከሥሩ ሊያቆጠቁጥ ይችላል፤ ላያቆጠቁጥም ይችላል። እኔ በሥራዬ ብዙ ቆርጫለሁ፣ ጉቶ ሆኖ የቀረውም ብዙ ነው። ለአባባ በእርግጠኝነት እንዳትነግረው።

አሁን ወደ ዋናው። ሐኪሙ ይሻለዋል ማለቱ እውነት ነው? አባባ ምን ብሎ እንዳስማለህ ገብቶኛል፤ እኔ ደግሞ በእኔ አስምልሃለሁ። ጊዜ ከሌለው አንዲት ቃል ጻፍልኝ፣ ነይ በለኝ። አውቶቡሱ ኋላ ወንበር ላይ ተኝቼም ቢሆን እመጣለሁ። የልጁን ነገር ለእኔ ተውልኝ።

ሁለተኛውን ወረቀት ለእሱ አንብብለት።

አባባ፣

መታመምህን ሰምቻለሁ። መርፌውን አትቆጣው፣ ውሸት እንደማይሆንለት እያወቅክ ያሰማራኸው አንተ ነህ። እኔ እንዳዘዝከኝ ተኝቻለሁ። ልጁ ደህና ነው። ገና ጋደም ስል መራገጥ ይጀምራል፤ በስተቀኝ በኩል ነው፣ አንዳንዴ ብርድ ልብሱ ከፍ ሲል ይታያል። ባለቤቴ እጁን አሳርፎ ይኼ ልጅ ሹፌር ነው፣ ፍሬን እየረገጠ ነው ይላል። ቁልቁለት ላይ ይሆናል አልኩት። ተወልዶ ትንሽ ጠንከር ሲል ይዤው እመጣለሁ፤ ጋቢና መቀመጥን የምታስተምረው አንተ ነህ። እስከዚያ መድኃኒትህን ዋጥ፣ ሾርባህን ጠጣ፣ ጠብቀኝ።

ልጅህ


ታኅሣሥ 19

እታለም፣

አዎ፣ ሐኪሙ ይሻለዋል ብሏል። አትምጪ።

ዛፉን ቆረጥኩት። ነጭ እንጨት ያገኘሁት ጉልበቴ ድረስ ከወረድኩ በኋላ ነው።

ደብዳቤሽን አነበብኩለት። መንገሬን ሲሰማ ገላመጠኝ፤ ሹፌር ነው የሚለው ላይ ስደርስ ግን ሳቀ፣ ሳቁ ሳል ሆነበት፣ ሳሉ ሲተወው እንደገና አንብብ አለኝ። አሁን በየቀኑ የማነብለት እሱኑ ነው።

መርፌው


ጥር 2

እታለም፣

ፖስታውን በባለቤትሽ ስም የላክሁት አጠገብሽ ተቀምጦ እንዲሰጥሽ ብዬ ነው። አጠገብሽ ከሌለ እስኪመጣ ጠብቂው።

አባባ ታኅሣሥ 28 ማለዳ ዐረፈ።

እንደ እንቅልፍ ወሰደው ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ከእንግዲህ ግን አልዋሽሽም። ትንፋሹ አጥሮ፣ ተሰቃይቶ ነው የሄደው። ደግፌ አስቀምጬው ነበር፤ በትከሻዬ ላይ አልፎ ወደ በሩ ያያል። ማንን ልጥራልህ አልኩት፤ ስምሽን ጠራ። ከዚያ ራሱ ደግሞ በእጁ አይሆንም፣ አይሆንም አለኝ፤ እንዳልጠራሽ ነው። ልጁ እንዳይነካ። እስከ መጨረሻው ያሰበው ይኼንኑ ነው።

ሐኪሙ ይሻለዋል አላለም። ኅዳር ላይ ነው ሩቅ ያለ ዘመድ ካላችሁ ጥሩ ያለኝ። አንቺ ስትጠይቂኝ ነይ ብዬ ጽፌ ነበር፤ ፖስታውን አሽጌ በር ድረስ ወጥቻለሁ። ከዚያ የፊተኞቹ ሁለቱ ትዝ አሉኝ፣ ሦስተኛው በእኔ እጅ ሲቀር ታየኝና ቀደድኩት። አሁንም ቢሆን ልክ የሠራሁ ይመስለኛል። አባባን ማትረፍ አይቻልም ነበር፤ ልጁን ግን ይቻላል። አባቴን ሳልሰናበተው ያስቀረኸኝ አንተ ነህ ብለሽ ብትጠዪኝ ጥላቻሽን እችለዋለሁ። ልጁ ሲያድግ ያስታርቀናል።

ቀብሩ አልፏል፤ አናጢው ሳጥኑን በራሱ እጅ ሠራለት። ብትመጪም የምትደርሽበት ነገር የለም። እባክሽ እንዳትነሺ። አልቅሺ፣ ግን ተኝተሽ አልቅሺ።

መርፌው


ጥር 13

ወንድሜ፣

ልጅ የለም።

መስከረም ውስጥ ነው የቀረብኝ። አንተ ስለ ቢጫ ቅጠሎች ስትጠይቀኝ አልቆ ነበር። ጥቂት ተኝቼ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ደብዳቤዎቹን የጻፍኩልህ ከችግኝ ጣቢያው ነው፣ የአፈር ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ በምሳ ሰዓት። የሚራገጥ ነገር አልነበረም። ባለቤቴም ስለ ሹፌርና ስለ ፍሬን ምንም አላለም፤ እሱ ሂጂና ንገሪያቸው እያለ ሲለምነኝ ነው የከረመው።

ልነግራችሁ ወረቀት አውጥቼ ነበር። ያኔ ነው ደብዳቤህ የመጣው፣ አባባ በየቀኑ ስለ ልጁ ይጠይቃል የሚለው። ቀረ የሚለውን ቃል ለሦስተኛ ጊዜ ለእሱ መጻፍ አቃተኝና ትንሽ ልቆይ አልኩ። ቀጥሎ መታመሙን፣ የሚጠብቀውም ልጁን ብቻ መሆኑን ነገርከኝ፤ ከዚያ ወዲያ አፌ ጭራሹን ተዘጋ። ባዶ ሆዴን ይዤ ብገባ በሩ ላይ የምገድለው መሰለኝ።

የታኅሣሡ ደብዳቤህ አጭር ነበር። አንተ አጭር መጻፍ አትችልም፤ ስለዚህ አላመንኩህም። ታኅሣሥ 25 ፎጣ አጣጥፌ ሆዴ ላይ አሰርኩ፣ በላዩ ሰፊ ቀሚስ ለበስኩና አውቶቡስ ጣቢያ ሄድኩ። ተሳፈርኩም። አንዲት ሴትዮ ተነሥታ የመስኮቱን ወንበር ለቀቀችልኝ፣ ስንት ወርሽ ነው አለችኝ፣ ነገርኳት። ልትነካኝ እጇን ስትዘረጋ ሸሸሁ። ያኔ አንተ ትዝ አልከኝ። አባባ ዓይኑ ደክሟል፣ ላያውቅ ይችላል አልኩ። አንተ ግን ሰውን ቆሞ አይተህ ሱሪ የምትቆርጥለት ሰው ነህ። ገና ከበሩ ስገባ ታውቃለህ፤ ፊትህ ደግሞ መደበቅ አይችልም፤ አባባ ከአንተ ፊት ላይ ያነበዋል ብዬ ፈራሁ። ሹፌሩ ሞተር ሲያስነሣ ወረድኩ።

ያ አውቶቡስ በማግስቱ እናንተ ጋ ይደርሳል። በሕይወት አገኘው ነበር። አባባ በሩን በሩን ሲያይ እኔ ችግኝ ሳጠጣ ነው የዋልኩት።

ይቅርታ ልል ብዕር አነሣሁ፤ ለማን እንደምለው አላወቅኩም።

እህትህ


ጥር 21

እታለም፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላ ማሽኑ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። አልተናደድኩም ብዬ አልዋሽም። በአንቺም፣ በራሴም፣ ነፍሱን ይማረውና በአባባም ተናደድኩ። የሌለ ልጅ ለማዳን ስንት ነገር አደረግን። ሲበርድልኝ ደግሞ ለልጁ ከልቤ አዘንኩለት፤ አንቺ ማንም ሳያጽናናሽ መቅረትሽ አንጀቴን በላው። እኔ ሌሊትና ቀን ተኚ፣ ተኚ እያልኩ ስጽፍልሽ አንቺ ጆንያ ስትሸከሚ ኖረሻል።

የፈራሽውን ልመልስልሽ። አዎ፣ ከበሩ ስትገቢ አውቅ ነበር። የታሰረ ፎጣ መንገድ ላይ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ጎኑም ይጎብጣል፤ አንድ ጊዜ ማየት ይበቃኝ ነበር። ግን ምንም አልልም ነበር። መንገድ አድክሟታል፣ ልብሷን ትቀይር ብዬ ወደ ጓዳ አስገብቼ ፎጣውን እፈታልሽ ነበር። ጥጥ አለኝ፣ ገበርም አለኝ። ከላይ ሳሳ፣ ከታች ከበድ አድርጌ፣ ወገብሽ ላይ እንዳይንቀሳቀስ አድርጌ እሰፋልሽ ነበር፤ አባባ እጁን ቢያሳርፍበት እንኳ እንዳይታወቀው። ከዚያ ቀሚስሽን አስተካክዬ ወደ እሱ አስገባሽ ነበር።

ወንድምሽ